ሮሜ 3ን እየሰበኩ በሩሶ መተዳደር

ስለ ዘመነ አብርሆት ሲነሣ በመካከላችን ሁለት ነገር እንሰማለን። አንዳንዱ «የክሕደት ሁሉ ምንጭ እርሱ ነው» ብሎ በጅምላ ይኮንነዋል። ሌላው ደግሞ «መብትና ነጻነት የተገኘው ከእርሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንቅፋት ብቻ ነበረች» ይላል። ሁለቱንም አንቀበልም። የዚያ ዘመን ፈላስፎች በአንድ አፍ አልተናገሩም። የለያያቸውም ዋና ጥያቄ «ሰው ምንድር ነው?» የሚለው ነው።

ፈረንሳዊው ሞንተስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው «የሕግጋት መንፈስ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ገደብ ካላገኘ እንደሚባልግ አስተማረ። ስለዚህ ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ዳኛው ይለያዩ አለ። የነገረ መለኮት ሰው አልነበረም፤ ሮሜ 3ን የሚያምን ሰው ግን ይህን ሐሳብ ለመቀበል አይቸገርም።

ዣን ዣክ ሩሶ ግን ሰው በተፈጥሮው መልካም ነው፣ የሚያበላሸው ማኅበረሰቡ ነው አለ። በ1762 በወጣው «ማኅበራዊ ውል» ደግሞ የሕዝብ የጋራ ፈቃድ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ እምቢ ያለም ተገድዶ ይታዘዝ አለ። እንግዲህ ኃጢአት ከሰው ልብ ወጥቶ ወደ ሥርዓቱ ተዛወረ። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ሰው ጻድቅ ሆነ። ጻድቅን ደግሞ ማን ይቆጣጠረዋል?

የሩሶ አድናቂ ሮቤስፒየር ይህን በተግባር አሳየ። ጁን 8 ቀን 1794 በፓሪስ ለ«ልዑሉ ኅላዌ» ታላቅ በዓል አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ በወጣው ሕግ ተከሳሾች ጠበቃ ተከለከሉ። በዚያ የሽብር ዘመን ወደ 17,000 የሚጠጉ ሰዎች ተፈርዶባቸው ተገደሉ፤ በመጨረሻ ራሱ ሮቤስፒየርም በጊሎቲን ተቀላ። «ሩሶ በ1778 ሞቷል፤ ስለምን ይከሰሳል?» ይባል ይሆናል። እኛም ደሙን በእጁ አናደርግም። ስለ ሰው የተሳሳተ ትምህርት ግን ከአስተማሪው ዕድሜ በላይ ይኖራል።

በአሜሪካ በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ከፋፈለ። ከአርቃቂዎቹ ዋነኛው ጄምስ ማዲሰን የተማረው ጆን ዊዘርስፑን በሚባል የፕሬስቢቴሪያን መጋቢ በሚመራ ኮሌጅ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሕገ መንግሥት ባርነትን አላስቀረም፤ የሰውን ኃጢአተኛነት የሰበከው ዊዘርስፑን ራሱም ባሪያዎች ነበሩት። ትክክለኛ ትምህርት የያዘ ሰው እንኳ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

ወገኖች ሆይ፣ ነገሩ ወደ ቤታችን ይመጣል። ከመድረክ «ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው» እየተሰበከ፣ መሪው ግን «የተቀባ ነውና አይጠየቅም» የሚባልባቸው አጥቢያዎች አሉ። ሒሳቡ ኦዲት አይደረግም። ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው ራሱ መሪው ነው። የጠየቀ ምእመን «የዓመፅ መንፈስ አለበት» ተብሎ ይገለላል። ይህ ሮሜ 3ን እየሰበኩ በሩሶ መተዳደር ነው!

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተወቅሷል (ገላ. 2)። ጳውሎስ ለቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው የታመኑ ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8)። ሐዋርያት እንዲህ ከኖሩ፣ «አልጠየቅም» የሚል አገልጋይ ከማን ተምሮ ነው?

ስለዚህ መንግሥትን «ሥልጣንህ ይገደብ» ከማለታችን በፊት የአጥቢያችንን መዝገብ እንክፈት፤ ሽማግሌዎችም ያለ ፍርሃት ይጠይቁ። ያለ ገደብ የሚታመን ንጉሥ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ እኛ የተሰቀለው ጌታ ኢየሱስ ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።