በሞቴ በልክ ይሁን!



የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ጿሚው በነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክሎ ይሰነብታል። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ዱለቱና ጠላው በአንድ ሌሊት ይመጣል። ይህ የሚያስደስት ነገር ስለሆነ ማንም ሰው ዶሮውን ይተው አንልም። እኛም እንበላለን!

ይሁን እንጂ ሰውን የሚያወፍረው የበዓሉ አንድ ቀን አይደለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የቅርጫው ሥጋ በየቤቱ ተሰቅሏል፤ በጾሙ ምክንያት የቆየው ሠርግ ሁሉ የሚደገሰውም በዚሁ ወቅት ነው። «አንድ ቀን ነው፣ ምን አለበት?» እየተባለ ሰባት ሳምንት ያልፋል። በሰባት ሳምንት የተጨመረው ውፍረት ደግሞ ጾም ሲገባ በራሱ ይጠፋል ማለት ዘበት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከቅቤው የማያንስ፣ ማለት 120 ካሎሪ ያህል አለውና።

ነገሩ የቀሚስና የሱሪ መጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍን ነበር። ውፍረት ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል፤ የታመመውንም ያባብስበታል። እነዚህ ሕመሞች ያሉባቸው ጎረቤቶች ደግሞ በመካከላችን አሉ። በእንግዳ ፊት «ስኳር አለብኝ» ማለት የሚያፍር ሰው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ሲባል ምን ያድርግ? ይበላል። ጉርሻው የፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን ለበላተኛው ይቀራል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል፦

1. «በቃኝ» ያለ እንግዳ ይታመን። አንድ ጊዜ መጋበዝ ወግ ነው፤ ሦስት ጊዜ ማስጨነቅ ግን ደግነት አይባልም።

2. በየማዕዱ ውኃ ይቅረብ። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ጠጅና ቢራም ቢሆን ያወፍራል።

3. ጎመንና ሰላጣ ከበዓል ገበታ አይጥፋ። መጀመሪያ ከእሱ የበላ ሰው ሥጋውን በልኩ ይበላል።

4. በእግር የሚደረስበት ዘመድ ቤት በእግር ይኬድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው።

5. መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «በዓል ነው» ብለው መድኃኒታቸውን አይዝለሉ።

ለኢድ ማዕድም ቢሆን ምክሩ ያው ነው።

በመጨረሻም ስለ ቅርጫው እንናገር። የተረፈው ሥጋ «እንዳይበላሽ» ተብሎ በግድ መበላት የለበትም፤ ቋንጣ ይሁን። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ በኑሮው ውድነት ምክንያት ቅርጫ ላልገባው ጎረቤት ማካፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? የሥጋውም ነገር እንደዚያው ነው። አንዱ ቤት በጥጋብ ሲጨነቅ፣ ግድግዳ የሚጋራው ቤት ሽታውን ብቻ እያሸተተ ማደር የለበትም።

መልካም በዓል ይሁንልን!