ግድግዳው ምን በደለ?

ከሦስት ዓመት በፊት የእናቴን ቤት ግድግዳ በገዛ እጄ አፈረስሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያፈረስሁትም ማድ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየውን የብሎኬት ግድግዳ ነበር። መዶሻ ያነሣሁት በክፋት አልነበረም፤ «ቤቱ ይስፋ፣ ብርሃን ይግባ፣ እናቴም ከእንግዳ ጋር እየተጫወተች ትሥራ» ብዬ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ለመናዘዝ፣ ደግሞም ለመሟገት ነው።

ሙግቴ «ግድግዳ ኋላ ቀርነት፣ ክፍት ማድ ቤት ሥልጣኔ ነው» ከሚሉት ጋር ነው። ዛሬ ቁልፍ የተረከበ ሰው አልጋውን ሳያስገባ አፍራሽ ይጠራል። ደላላውም «ኦፕን ኪችን ነው» ካለ በኋላ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል።

አስቀድሜ የግንበኛውን ነገር ላንሣ። በአባቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ቤት ጣራውን የሚሸከመው ቋሚውና ማገሩ ነው፤ እርሱን የነካ ጣራውን ነካ። በኮንዶሚኒየም ግን ክብደቱን የሚሸከሙት የአርማታ ዓምዶችና አግዳሚዎች ናቸው፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው ብሎኬት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ብቻ የተሸከመ ነው። ስለዚህ ክሴ የጣራ መውደቅ አይደለም። በእኛ ቤት የወደቀው ሌላ ነገር ነው።

አክስቴ ያረፈች ሰሞን ጎረቤቶች እናቴን ሊያጽናኑ መጡ። ቡና ተፈላ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «ስኳሩ አልቋል» አለችኝ። ቀድሞ ቢሆን ይህ ቃል ከጓዳ አያልፍም ነበር፤ እኔም ሱቅ ደርሼ እመለስ፣ እንግዳውም ምንም ሳያውቅ ይሸኝ ነበር። አሁን ግን ሹክሹክታውን የሚይዘው ነገር አልነበረም። አንዲት ጎረቤት «እኔስ ያለ ስኳር ነው የምወደው» አለች። ሌላይቱ «ቡና ተከልክያለሁ» ብላ ሲኒዋን መለሰች። ሁለቱም ለእርሷ ሲሉ እንደ ዋሹ እናቴ ዐወቀች፤ እነርሱም ማወቋን ዐወቁ።

አማርኛችን «ገመና» የሚል ቃል ያለው በከንቱ አይደለም። ገመና ኃጢአት አይደለም፤ ሰው በክብር ሊያልፈው የሚሻው ጉድለት ነው። ባለጸጋ ግድግዳ ቢያፈርስ ለእንግዳ የሚታየው የሞላ መደርደሪያ ነው፤ ድኻ ሲያፈርስ ግን የባዶው ዕቃ ግርጌ ይታያል። ደግሞም ባለ ቪላውን እዩት፤ ክፍት ማድ ቤቱን ለዓይን አቁሞ፣ ቁሌቱንና እንጀራውን ከግቢው ጀርባ ባለው ሌላ ማድ ቤት ያሠራል። እኛ የቀዳነው ግማሹን ብቻ ነው።

«ግድግዳው እኮ ሴቶችን ከጢስ ጋር የዘጋ እስር ቤት ነበር» ይሉኛል። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ እኔንም መዶሻ ያስጨበጠኝ እርሱ ነው። ግን ልጠይቅ፤ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ሽንኩርት የሚከትፈው ማን ሆነ? ያችው እናቴ ናት። እኛ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ስትሠራ እናያታለን። ሥራዋን አልተካፈልናትም፤ ተመልካቿ ሆንን እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች አንድ ማድ ቤት ነደፈች። ስፋቱ 6.5 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዓላማው የቤት እመቤቶችን ምልልስና ድካም መቀነስ ነበር። እርሷ እንኳ ግድግዳውን አላስወገደችም፤ በማድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ተንሸራታች በር አደረገች። ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲፈለግ ይዘጋል። ሥልጣኔ ካልን ይህ ምርጫ ነው ሥልጣኔው።

በቅርቡ ብሎኬቱን በትከሻዬ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣሁና ግድግዳውን መልሼ አቆምሁት፤ በሩን ብቻ ሰፋ አደረግሁት። እናቴ አዲሱን ልስን በእጇ ዳሰሰችና «ሽንኩርቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ የምትከትፈው» አለችኝ። እየከተፍሁ ነው።

ቁልፍ የተረከባችሁ ወዳጆቼ ሆይ፣ መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት በዚያ ቤት የምታበስለውን ጠይቋት። እኔ አልጠየቅኋትም ነበር።