አይሮፕላኑና ባቡሩ ይተዋወቁ





ባለፈው ሰኔ ታናሽ እኅቴ ሰባት ዓመት ከሠራችበት ከኩዌት ስትመለስ ልቀበላት ቦሌ ሄድኩ። እናታችን የምትኖረው አዋሽ ሰባት ስለ ሆነ፣ እኅቴ ገና ከዚያው ሳለች በባቡር እንድንሄድ በስልክ ቃል አስገብታኝ ነበር። በልጅነታችን በአሮጌው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ የሄድነውን አልረሳችም። ቲኬቱን በዋዜማው ቈርጬ በኪሴ ይዣለሁ። አይሮፕላኑ ሊነጋ ሲል አረፈ። ነገር ግን ፓስፖርት እስኪታይ፣ ሁለት ሻንጣዋና በገመድ የታሰረ ካርቶኗ እስኪወጣ ጊዜው ነጐደ። ታክሲ ገብተን «ፉሪ ለቡ» ስል እኅቴ ደንግጣ «ባቡሩ ለገሐር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ከተማውን በደቡብ በኩል ዞረን፣ መንገዱ ተጨናንቆ ቆም ሄድ እያልን ስንደርስ ባቡሩ ሄዷል።

ባቡሩን አልወቅሰውም። በሰዓቱ መሄዱ ያስመሰግነዋል፤ እኔም ዘግይቶ ለሚመጣ ተማሪ የክፍሌን በር አልከፍትም። በማግሥቱ የሚሄድ ባቡር ስላልነበረ በመኪና ተሳፍረን ማታ አዋሽ ገባን። እናታችን ስልክ መያዝ አትወድም። በባቡር ይመጣሉ የተባለችውን ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጣቢያ ወጥታ፣ ከሚወርዱት ሰዎች መካከል ልጅዋን ስትፈልግ ባቡሩ አለፈ። ጎረቤቶች ደግፈው ወደ ቤት መለሷት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። እንደሚታወቀው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላን በልደታ ሜዳ ያርፍ በነበረበት ዘመን፣ የወረደ መንገደኛ በጋሪ እንኳ ቢሄድ ለገሐር ይደርስ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃው ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ እርሱም ቢሆን ከለገሐር ብዙ አይርቅም። በኋላ ግን ሐዲዱ ራሱ ከከተማው መካከል ወጣ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የመስመሩ ትልቁ ሥራ የጅቡቲን ወደብ ጭነት ማመላለስ ስለ ሆነ፣ ኮንቴይነር የሚጐትት ባቡር መሐል ከተማ ይግባ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሲዘረጋ፣ የቦሌን ማረፊያም ፉሪ ለቡንም ሳይነካ ቀረ።

ያለፈውን ማማረር ጥቅም የለውም፤ ይህን የምጽፈው ስለሚመጣው ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ለሚሠራው አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ የዲዛይን ውል በ2016 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ የመሠረት ድንጋዩም በ2018 ዓ.ም. ተጥሏል። ሥራው ሲሟላ በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ተነግሮናል። ከቦሌ ጋራ የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር በዕቅዱ መኖሩንም ሰምተናል። መልካም ነው። ነገር ግን ሐዲዱ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ብቻ ካዞረ፣ የሞጆ፣ የአዳማ፣ የመተሐራ፣ የአዋሽ፣ የሚኤሶና የድሬዳዋ ሰው ምን ተጠቀመ? ከአገሩ መንገድ ዳር ከአይሮፕላን ወርዶ፣ ወደ ኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ከፉሪ ለቡ ተሳፍሮ፣ እንደ ገና በቢሾፍቱ በኩል ሊያልፍ ነው!

በስዊስ አገር የዙሪክ አይሮፕላን ማረፊያ የባቡር ጣቢያ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መጨረሻ ጣቢያ ተደርጎ አልተሠራም፤ ባቡሩ በሥሩ እንዲያልፍ ነው የተደረገው። ስለዚህ ቪንተርቱር ወደምትባለው አነስተኛ ከተማ የሚሄድ ሰው ዙሪክ ከተማ መግባት ሳያስፈልገው ከአይሮፕላን ወርዶ ቀጥታ በባቡር ይሄዳል። ለዚህ ያበቃው የአገሩ ሀብት ብቻ አይመስለኝም፤ ማረፊያውንና ሐዲዱን የሚያስቡ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል።

በበኩሌ የምለምነው፣ ከጅቡቲው መስመር ወደ አዲሱ ማረፊያ አንድ ቅርንጫፍ እንዲዘረጋ፣ ይህ ወዲያው ባይቻል እንኳ ቦታው ከአሁኑ ተለይቶ እንዲጠበቅ ነው። መሬቱ በቤትና በመጋዘን ከተያዘ በኋላ ካሣ ከፍሎ ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እስከዚያም ድረስ ከማረፊያው እስከ ቢሾፍቱ ጣቢያ የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ የሚሄድ አውቶቡስ ይበቃል። የባቡር ቲኬት የሚሸጥበት መስኮት መንገደኛው ሻንጣውን በሚቀበልበት አዳራሽ ይሁን፤ አይሮፕላን ዘግይቶ ባቡር ላመለጠውም ሰው ቲኬቱ ለሚቀጥለው ጉዞ ያገልግል። ባቡሩ በየቀኑ ካልሄደ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ቀን መርጦ አይመጣምና።

እኅቴ በመስከረም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። እናቴ ልጅዋ በሚቀጥለው ጊዜ በምን እንደምትመጣ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እስካሁን «በመኪና» እያልኩ እመልስላታለሁ።

ከአክብሮት ጋራ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዳማ