እናት እማር ስትል

አንባቢዬ ሆይ፤ በዚህ ዐምድ ስለ ተማሪ በጻፍሁ ቍጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ ጢሙ ገና ያላበቀለ ጐረምሳ ወይም ደብተሯን በደረቷ አቅፋ የምትሄድ ልጃገረድ ነበረች። ዛሬ የማጫውትህ ግን አርባ ሦስት ዓመት ስለ ሞላቸው፣ ሦስት ልጆች ስለ ወለዱ፣ ቀን በአንድ ሐኪም ቤት የጽዳት ሥራ እየሠሩ ማታ ነርስነት ስለሚማሩ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን አልነግርህም።

የተዋወቅነው በመልካም ነገር አይደለም። ሁለተኛው ልጃቸው በማስተምርበት ትምህርት ቤት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በሒሳብ ደኅና የነበረው ልጅ ባንድ ጊዜ አሽቈለቈለ፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ መምጣትና በክፍል ውስጥ ማንቀላፋት አበዛ። ወላጅ አምጣ አልሁት። በማግሥቱ እናቱ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ አንድ ወፍራም ደብተር በብብታቸው ይዘው መጡ። ማታ ማታ ትንሿን ልጅ የሚያበላትና የሚያስተኛት እሱ እንደ ሆነ፣ እሳቸው ከኮሌጅ የሚመለሱት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንደ ሆነ፣ አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለ ሆኑ በጅቡቲ መንገድ ላይ እንደሚሰነብቱ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ ደግሞ አግብታ ክፍለ ሀገር እንደምትኖር አስረዱኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ታዲያ እትዬ፣ የሚማረው ልጅዎ ነው ወይስ እርስዎ?» አልኋቸው።

አልተቈጡም። «መምህር፣ ሁለታችንም ነን፤ ችግሩም እሱ ነው» ብለው ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡና የጠረጴዛዬን ጫፍ ይዘው ቆሙ። «ከመጡ ላይቀር ይችን ስሌት ቢያሳዩኝ» አሉ። ያን ቀን ደወል ስለ ተደወለ ተለያየን፤ ያልሁት ቃል ግን ብዙ ቀን ሲቈጠቍጠኝ ሰነበተ።

ያን ቃል ከየት እንዳመጣሁት ሳስበው፣ ነርስ ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ሥዕል አለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሐኪም ቤት ተምረው በ1931 ዓ.ም. በነርስነት ሲመረቁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በለቀምት በወሊድ ምክንያት ሲያርፉም ሃያ ሦስት አልደፈኑም። በስማቸው ሆስፒታል ተሠራላቸው፤ ነጭ ቆብ ያደረገችው ወጣት ሥዕልም በልባችን ቀረች። መልካም ሥዕል ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት ያለፋትን ሴት ከትምህርት ቤቱ በር የሚመልስ ሥዕል መሆን አልነበረበትም።

የሙያው እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንኳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ተወልዳ፣ በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ለሦስት ወር ያህል ልምምድ የገባችው በ1851 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤተ ሰቦቿ ለረጅም ጊዜ ተቃውመዋታል፤ በዚያ ዘመን ሕመምተኛ ማስታመም የጨዋ ልጅ ሥራ አይባልም ነበርና። በስሟ የተጠራው የነርሶች ትምህርት ቤት በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የተከፈተው በ1860 ነው። እርግጥ እሷ ልጅም ምጣድም አልነበረባትም፤ ይህን መካድ አይገባም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በተጀመረ ጊዜ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ያህል እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። የዚያን ጊዜዎቹ ኮረዶች ዛሬ ወደ አርባ የተጠጉ እናቶች ናቸው። ደረጃቸውን ለማሻሻል ወደ ትምህርት የተመለሱም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የኔ እኒያ እናት እንግዳ ፍጥረት አይደሉም፤ እንግዳው እኔ ነበርሁ።

በደሌን ለመካስ ይሁን ወይም ለማወቅ ጓጕቼ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ሒሳብ ላስተምርዎ አልኋቸው። ከክፍላቸው ሦስት ልጆች አስከትለው መጡ፤ ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት ውስጥ ለሕመምተኛው እንዲገባ ታዟል፤ የመስጫው ቱቦ በአንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ያወርዳል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? ሦስቱ ወጣቶች አንድ ሺህን በሃያ አባዝተው ለስምንት አካፈሉና «2500» ብለው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እሳቸውም እዚያው ቍጥር ላይ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን አላስቀመጡም። ወረቀቱን ትክ ብለው ሲያዩ ቈይተው ሣቁ። «ይኸማ ጠብታ አይደለም፤ ቧንቧ ነው» አሉ።

አየህ፣ እኒህ ሴት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየአልጋው ሥር ሲጠርጉ የተንጠለጠለውን ግሉኮስ ሲያዩ ኖረዋል። ጠብታው እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ዓይናቸው ያውቀዋል። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ መለወጥ ረስተው እንደ ነበር ባሳየኋቸው ጊዜ፣ ስምንቱን ሰዓት 480 ደቂቃ አድርገው አካፈሉና 42 ገደማ አገኙ፤ ከዚያም ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠብታው መታ መታ እያደረጉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው፣ «አዎን፣ ይህ ነው» አሉ። እኔ በኮሌጅ አራት ዓመት ሒሳብ ስማር የመልሴን ትክክለኛነት በጣቴ መትቼ አረጋግጬ አላውቅም።

ነገር ግን አንባቢዬ፣ ይህን ሰምተህ ነገሩ ሁሉ ማር እንዳይመስልህ። የነርስነት ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ በሐኪም ቤት ውስጥ በአስተማሪ ዓይን ሥር የሚደረግ ልምምድ አለው። እሱን በርቀት ወይም በኋላ አደርሰዋለሁ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ እኒህ እናት የዓመት ፈቃዳቸውን በሙሉ በልምምዱ ጨረሱት፤ ያልበቃቸውን ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ተራ እየተለዋወጡ ሸፈኑት። ከባልደረቦቻቸው አንዷ ስታጕረመርም፣ አንዷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያለ ብድር ገብታላቸዋለች። አንተም ምናልባት በመሥሪያ ቤትህ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አንሥታ የምትሮጥ የሥራ ጓደኛ ትኖርህ ይሆናል። ከሄደች በኋላ በቀረው ወንበር ላይ ምን እንደሚወራ ታውቃለህ። እኔም በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ከሁሉ የከፋው አንዲት ሌሊት ናት። በሕፃናት ክፍል የሌሊት ልምምድ ላይ ሳሉ ትንሿ ልጃቸው በቤት ትኩሳት ያዛት። እሳቸው የሰው ልጅ ትኩሳት እየለኩ መዝገብ ላይ ሲጽፉ፣ የገዛ ልጃቸውን እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረ ያነጋው የኔ ተማሪ ነው። በስልክ ሊጠራቸው ሞክሮ ነበር፤ ስልካቸው ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተቈልፎበታል። ልጅቱ በማግሥቱ ዳነች። እናትየው ግን ሁለት ሳምንት ወደ ኮሌጅ አልሄዱም። «የማንን ልጅ ላድን ነው የምማረው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ወደ ትምህርታቸው የመለሳቸው የኔ ምክር ሳይሆን እኅታቸው ናት። እኅትየው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፤ እሷም የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ለነርስነት ትማራለች። ያንድ አገር ሰው እንደ ሆንን ያንድ ዓይነት ድካም ደርሶናል ትላለች። እዚያ ኤንክሌክስ የሚባል የፈቃድ ፈተና አለ፤ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኖ፣ መልስህን እያየ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብድብሃል ወይም ያቀልልሃል። ከ2023 ወዲህ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፣ ትንሹ 85 ጥያቄ ትልቁ 150 ነው፤ ማሽኑ ሲበቃው ያቆማል፤ የቆመውም አልፈህ ይሁን ወድቀህ ወዲያው አታውቅም። የኛዋ እናት ከማታ ትምህርት ሲመለሱ በሜሪላንድ ገና ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ እኅትማማቾች ምድጃው ላይ ሽሮ እየፈላ በስልክ ይጠያየቃሉ። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በእንግሊዝኛ። ልጁ እንደ ነገረኝ ሲሳሳቁ ጎረቤት ይሰማል።

ልጁስ ብትለኝ፣ ውጤቱ አሁንም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይህን ደብቄ ላስደስትህ አልፈልግም። አንዳንድ ቀን ዛሬም ይተኛብኛል። ለውጥ ካለ፣ እናቱ ደብተር ይዘው በመንገድ ሲያልፉ ጓደኞቹ እንዳያዩበት ይሸሽ የነበረው አሁን ቦርሳቸውን መሸከሙ ነው። ወጥ መሥራትም ተምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድስቶች አርረዋል ይባላል።

እናትየው የብቃት ምዘናውን ፈተና የሚወስዱት በሚመጣው ወር ነው። ባለፈው ዓርብ ልጁ «እማዬ ቢያዩላት ብላለች» ብሎ አንድ ወረቀት አመጣልኝ። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታዟል፤ ሽሮፑ በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፤ ስንት ይሰጠው? ይላል ጥያቄው። ስሌቱ በሙሉ ልክ ነው፤ መጨረሻው ላይ «7.5» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በልጁ የእጅ ጽሕፈት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «7.5 ምን? ሚሊ ሊትር ወይስ ሚሊ ግራም?» የሚል አለ። ከዚያ ሥር ደግሞ በእናትየው ጽሕፈት፣ «ሚሊ ሊትር። ድስቱን አውርደው።»