ጉድለቱን እያወቅሁ ወደድሁት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው። ነገር ግን አስቀድሜ የራሴን ጥፋት መናዘዝ ይገባኛል።

በቅርቡ በበዓል ማግስት፣ በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ላይ፣ እያንዳንዱ በዓሉን እንዴት እንዳሳለፈ ያወራ ነበር። ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ተራው ሲደርስ፣ «እኔ ከታናናሾቼ ጋር ሆኜ ሦስተኛውን ስፓይደርማን አየሁ፤ በጣም ወደድሁት» አለ። ይህን ቢል ጊዜ ሳቅ ሆነ። አንዱ «ያ መንገድ ለመንገድ የሚጨፍርበት?» አለው። ሌላው ደግሞ «አዋቂዎች ሁሉ የናቁትን ፊልም!» ብሎ ጨመረበት። ከሳቁት ሰዎች መካከል ሁለቱ ፊልሙን ከቶ አላዩትም። ወጣቱም አቀረቀረና «ኧረ ለቀልድ ነው፤ የወደዱትስ ልጆቹ ናቸው» አለ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

እኔ ከዚያው ተቀምጬ ነበር። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወድጄዋለሁ። ይሁን እንጂ ሻዬን እያማሰልሁ ዝም አልሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የዚያን ዕለቱ ዝምታዬ ግን ወርቅ አልነበረም። እንግዲህ በዚያ ሰዓት መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልናገር።

ለማያውቁት ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ስፓይደርማን፣ ማለት የሸረሪት ሰው፣ በ1962 ስታን ሊ በጽሑፍ፣ ስቲቭ ዲትኮ በሥዕል ሆነው ለአንድ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት የፈጠሩት ጀግና ነው። ፒተር ፓርከር የሚባል ድኻ ተማሪ ሸረሪት ትነድፈውና ልዩ ኃይል ያገኛል፤ ዳሩ ግን ያ ሁሉ ኃይል የቤት ኪራዩን አይከፍልለትም። ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ ይህን ታሪክ በ2002፣ በ2004 እና በ2007 በሦስት ፊልሞች አቀረበው። ሁለተኛው በምስል ጥበቡ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ብዙ ሐያስያንም አሞገሱት። የሦስተኛው ዕዳ እንዲህ ካለ ታላቅ ወንድም ቀጥሎ መወለዱ ነው።

ነቃፊዎቹ ሐሰት አልተናገሩም። በሁለት ሰዓት ከ19 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጠላቶች ተሰልፈዋል፤ ለአንዱ የሚበቃው ጊዜ ለሦስት ተከፍሏል። ከእነዚህም ቬኖም የተባለው የገባው ወጣቶች ይወዱታልና ይጨመር ብሎ ፕሮዲውሰሩ አቪ አራድ ስለ ገፋፋ ነው። ራይሚ ራሱ ይህን ጠላት ከልቡ አልወደደውም፤ ከዓመታት በኋላም ፊልሙ እንዳልተሳካለት በግልጽ ተናግሯል። ከሰማይ የወደቀው ጥቁር ነገር ከሰፊው ዓለም ሁሉ መርጦ ከጀግናው አጠገብ ማረፉ የማይመስል ነገር ነው። የቤቱ አሽከርም ትልቁን ምሥጢር ሲያውቅ ኖሮ ታሪኩ ሲቸገር ብቻ አፉን መክፈቱ ያስቃል። ስለ ጭፈራውማ ምን እላለሁ! ፊልሙ 258 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። በዓለም ዙሪያ ያስገባው ገንዘብ ከሁለቱ ታላላቆቹ በልጧል፤ በአሜሪካ ውስጥ ግን ከሁለቱም አንሷል።

ይህን ሁሉ አምኜ ስቀበል፣ ታዲያ ምኑን ወደድህ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ነገሮችን እቈጥራለሁ።

መጀመሪያው የአሸዋው ሰው መነሣት ነው። ፍሊንት ማርኮ ለታመመች ልጁ መታከሚያ ሲል የሚሰርቅ ወንጀለኛ ነው። ከፖሊስ ሲሸሽ የሳይንስ መፈተኛ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቅና ሰውነቱ ከአሸዋ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አይነገርም። የአሸዋ ክምር ሰው ለመሆን ይታገላል፤ ክንድ ያወጣል፣ ይፈርሳል፤ ደግሞ ይነሣል። በመጨረሻ የልጁ ሥዕል ያለበትን የአንገት ጌጥ ለማንሣት ሲዘረጋ ጣቶቹ እንደ አቧራ ይበተናሉ። አጥብቆ ሲሞክር ግን ይይዘዋል፤ ሙሉ ሰውም ሆኖ የሚቆመው በዚያን ጊዜ ነው። አባትነት ምን እንደ ሆነ ያለ ንግግር እንዲህ ሲገለጽ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ሁለተኛው የቤት አከራዩ ነው። ፒተር ያ ጥቁር ነገር ልብስ ሆኖ ከሰውነቱ ላይ ከተጣበቀ ወዲህ ጠባዩ ይከፋል። አከራዩ አቶ ዲትኮቪች ኪራዩን ሲጠይቀው፣ አስቀድመህ የተሰበረውን በር አስጠግን ብሎ ይጮህበታል። የወሩ ደመወዝ ሳይደርስ የአከራዩን ኮቴ ሲሰማ ልቡ የሚመታ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ ዕቃው ወደ ውጭ ሲጣል ማየት ይጠብቃል። ያ ሽማግሌ ግን፣ ይህ ልጅ እኮ ደግ ልጅ ነው፤ አንድ ችግር ቢያገኘው ነው እንጂ ብሎ ይተወዋል። ጥቂት ሰከንድ የማይሞላ ነገር ነው፤ በነቀፌታው ሁሉ ውስጥ ሲጠቀስም አልሰማሁም።

ሦስተኛው ፍጻሜው ነው። ማርኮ የፒተርን አጎት የገደለው እርሱ መሆኑን፣ ጥይቱም ሳያስበው እንደ ተኰሰ ይናገራል፤ ይቅር በለኝ ብሎ እንኳ አይለምንም፣ እንዲረዳለት ብቻ ነው የሚሻው። ጀግናው ተበዳይ ነው፣ ኃይልም አለው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን እርሱ ራሱ ሰው በድሏልና ይቅር ይለዋል። አሸዋውም በነፋስ ተነሥቶ ይሄዳል። ጠላቱን በቡጢ ሳይሆን በምሕረት የሚያሰናብት እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ አይገኝም።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው። ጉድለት መቍጠር አይከብድም፤ ሌላው የቈጠረውን መድገም ደግሞ ከዚያ ይቀላል። የሚያስቸግረው ደስ ያሰኘንን ነገር ለይቶ፣ ይህ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ነው ብሎ ማስረዳት ነው። አቶ ዲትኮቪች ጩኸቱን አልሰማሁም አላለም፤ በሩም እንደ ተሰበረ ነው። ነገር ግን ልጁን በአንድ ቀን ክፋቱ ብቻ አልመዘነውም። ዓመት በመጣ ቍጥር የሥራ ምዘና የሚሞላልን እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ፈተናው ሲታረም ከቀዩ ቀለም ሌላ የማይታየው ተማሪም፣ እንዲህ ያለ መዛኝ ቢገኝልን ምንኛ በወደድን! ለራሳችን የምንመኘውን ዐይን ታዲያ ለምናየው ሥራ ለምን እንነፍጋለን?

ይህን ስል ነቀፌታ ይቅር ማለቴ አይደለም። ፊልሙን አይቶ የጠላው ሰው ይጥላው፤ ምክንያቱንም ይናገር፤ እኔም አደምጠዋለሁ። ሳያዩ የሚስቁትን ግን ልንፈራቸው አይገባም ነበር። ልንፈራቸው ስል እኔንም ጭምር ነው።

በማግስቱ ወጣቱን በኮሪደሩ ላይ አገኘሁትና ፊልሙን እኔም እንደምወደው ነገርሁት። ፊቱ በራ። ታናሽ እኅቱ የአሸዋው ሰው የልጁን ሥዕል ሲያነሣ እንዳለቀሰች አጫወተኝ፤ እኔም ስለ አከራዩ ነገርሁት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉ?» አለኝ።

የምመልስለት አልነበረኝም። እነሆ ጻፍሁት።