ያልነበረ ከተማ ስለ መፍጠር

አንድ የሁሩታ ወጣት በኮምፒዩተር ለሚሥለው የጨዋታ ዓለም የፈጠረውን ከተማ አሳየኝ። ሾጣጣ ግንብ በበረዶ ተከቦ፥ ታሪኩም «ዘንዶ ያጠፋው ጥንታዊ መንግሥት» የሚል ነበረ። «ሐሳብ ነፃ ነው፤ ያልነበረ ነገር ማስረጃ አያሻውም» አለኝ። ብዙዎች እንዲሁ ይላሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን ከቶ ሳያይ በ1759 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ራሴላስ» በአማራ ምድር የልዑላን ሸለቆ ፈጠረ። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበርና፥ ልዑላን በግሸን አምባ ይጠበቁ የነበረበትን ሥርዓት መሠረት አደረገ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ስለ እኛ ይህን ያህል ከደከመ፥ የጭላሎ አገር ልጅ ስለ ምን የሰው በረዶ ይበደራል?

ዘንዶውን አልከለክልም። ትውፊታችንም አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ነበር ይላል፤ ነገር ግን ከብትና ልጃገረድ ይገበርለት እንደ ነበረ፥ ማለት ምን ይበላ እንደ ነበረ ጨምሮ ይናገራል።

ስለዚህ እጠይቃለሁ፤ ያ ከተማ ውሃውን ከየት ይቀዳል? ስንዴውን ማን ያርሳል? ገበያው በምን ቀን ይውላል? ይህን የማይመልስ ታሪክ ሰው የማይኖርበት ግንብ ነው። ሌሎች በሩቅ ሆነው ሲፈጥሩልን የኖሩትን አገር ራሳችን የምንፈጥርበት መሣሪያ ዛሬ በእጃችን ገብቷልና፥ ከገዛ አፈራችን እንጀምር።