ማጥፋትና ማስነሳት ጥገና አይደለም

ብዙ ኮምፒዩተሮች አንድ የኢንተርኔት መስመር በሚጋሩበት ተቋም ውስጥ ፕሮክሲ ሰርቨር በመካከል ቆሞ የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ ያመጣውን ገጽም አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያድላል። ለዚህ ተግባር በስፋት ከታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ስኩዊድ ነው። የሰርቨሩ ሜሞሪ ሲሞላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ማሸጋገር ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ከሜሞሪ በብዙ ሺህ እጥፍ የዘገየ በመሆኑ የሁሉም ተጠቃሚ ሥራ በአንድነት ይጓተታል።

በዚህ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። እኛ ግን ይህ ልማድ ጥገና ሊባል አይገባውም እንላለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ማስነሳት ምልክቱን ሰርዞ መንስኤውን በቦታው ይተወዋል።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ግምት ነው። በስኩዊድ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ካሽ ሜም» የሚባል መጠን አለ፤ ካልተለወጠ 256 ሜጋባይት ነው። ብዙዎች ይህ ቁጥር የፕሮግራሙ ጠቅላላ ጣሪያ ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን የሚወስነው በሜሞሪ ለሚያዙ ገጾች የተመደበውን ቦታ ብቻ ነው። በዲስክ ላይ ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ፋይል ደግሞ ሌላ የማውጫ መዝገብ በሜሞሪ ይያዛል። በ64 ቢት ሲስተም ለ1 ጊጋባይት የዲስክ ክምችት ወደ 14 ሜጋባይት ገደማ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። እንግዲህ 100 ጊጋባይት ዲስክ የመደበ ሰው፣ ሳያስበው 1.4 ጊጋባይት ሜሞሪ ለማውጫው ብቻ ፈቅዷል ማለት ነው። ሰርቨሩ ቢነሣም ማውጫው ከዲስክ ተነብቦ እንደገና ይገነባልና ፍጆታው ተመልሶ ይመጣል።

ሶፍትዌሩ ራሱ የተጠቀመበትን ሜሞሪ ሳይመልስ የሚቀርበት ጊዜ የለም አንልም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ግን በልኬት ነው። የፕሮግራሙን መጠን፣ የተከማቹትን ፋይሎች ብዛትና የተጠቃሚዎችን ቁጥር በየሰዓቱ ለጥቂት ቀናት እንመዝግብ። ፍጆታው ከክምችቱ ጋር አድጎ ዲስኩ ሲሞላ ከቆመ ጥፋቱ የእቅድ ነው። ክምችቱና የተጠቃሚው ቁጥር ሳይለወጡ ማደጉን ከቀጠለ ግን የሶፍትዌሩን ጉድለት መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ተጠቃሚ እየጠበቀ ምን ጊዜ አለ? ሜሞሪ መግዛት ይቀላል» የሚል ይኖራል። አገልግሎቱን ቶሎ መመለስ ግዴታ መሆኑን እንቀበላለን፤ ሆኖም ከማስነሳት በፊት ሦስቱን ቁጥሮች መጻፍ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሜሞሪ መጨመርም ቢሆን መንስኤው ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ውሳኔ ነው። ከዚህም በላይ ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ልውውጥ የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ምስጢሩን የማይፈታ ፕሮክሲ ሊያከማቸው አይችልም። ስለዚህ የዲስኩን ክምችት መቀነስ ያለ ወጪ የሚገኝ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

በቤተ ሙከራ የተማርነው ሥርዓት፣ ማለትም መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መገመት፣ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መመልከት፣ በሰርቨር ክፍልም ይሠራል። ነገ እነዚህን መሣሪያዎች የምትረከቡ ተማሪዎች፣ ከማጥፊያው ቁልፍ በፊት እጃችሁ ወደ መዝገቡ ይዘርጋ።